የእማን ስልክ ማንም ፎርማት እንዳያደርገው

ዱባይ፣ ዴይራ

ውድ እህቴ ሚጣዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ናችሁ? እማ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ከብዷል፣ ሥራው ግን አለ።

በጎረቤት ስልክ ስትደውዪ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማሽኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። በአክስታችን ልጅ ቴሌግራም ይደርስሻል። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ሌላውን ሳታነቢ ብትቀሪ እንኳ ይህቺን ያዥልኝ፦ አልከፈት ያለውን የእማን ስልክ ማንም ፎርማት እንዳያደርገው። ሪሴትም እንዳይደረግ። ጠጋኙ «ቶሎ ያልቃል፣ አዲስ ይሆንልሻል» ብሎሻል። ልክ ነው፣ ይከፈት ይሆናል። የሚከፈተው ግን ባዶውን ነው።

ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። አባባ፣ አላህ ይዘንለት፣ በመጨረሻው መውሊድ ቤታችን ውስጥ መንዙማ ሲያዜም እማ ራሷ የቀዳችው አለ። ድቤው፣ የሰዉ ቅብብል፣ መጨረሻ ላይ ያደረገው ዱዓ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ለእኔ በቴሌግራም የላካቸው የድምፅ መልእክቶች አይጠፉም፤ ቴሌግራም በራሱ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ እኔም ጋ አሉ። የእማ ቴሌግራምም ሲሟ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ተመልሶ ይመጣል። የመንዙማው ቅጂ ግን በስልኩ መቅጃ የተቀዳ ነው። ወደ የትም አልተላከም። ካለ እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

«ከጠፋ በኋላ በኮምፒውተር ይመለሳል» የሚልሽ ሰው ካለ አትመኚው። የእማ ዓይነት ስልክ ውስጡ ያለውን ሁሉ በሚስጥር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ሪሴት ሲደረግ ያ ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እዚህ ዱባይ ያለ ባለሙያም ቢሆን ምንም አያደርግለትም። በስልክ ጥገና ሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የልጁን ፎቶ ፈልጎ መጥቶ አዲስ የሆነ ስልክ ይዞ የሚቆም ሰው ማየት ያማል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስልኩ ሪሴት ከተደረገ በኋላ ሲከፈት የድሮውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ይህ መቆለፊያ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ፣ ከ2015 ወዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሌባ እንዳይጠቀምበት ተብሎ የተሠራ። የእማን አካውንት የከፈተው ስልኩን የሸጠላት ልጅ ነው። ፓስዎርዱን ማን ያውቃል? ስለዚህ ድምፁንም አጥተን፣ ስልኩም ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ይነዝራል፣ የሳምሰንግ ጽሑፍ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ይህ ተስፋ ያለው ምልክት ነው። ስክሪኑ ይሠራል፣ ቦርዱም አልሞተም። ጭራሽ ድምፅ የሌለው፣ የማይነዝር ስልክ ቢሆን የበለጠ እጨነቅ ነበር። ሎጎው ከመጣ በኋላ የሚቆም ስልክ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ወይ ኃይል አንሶታል፣ ወይ የማብሪያው ቁልፍ ተጣብቋል፣ ወይ ውስጡ ሞልቶ መነሻ አጥቷል።

ከኃይሉ ጀምሪ። መብራት ስለሚጠፋ እማ በሶላሩ ነው የምትሞላው ብለሽኛል። ትንሿ ሶላርም ሆነች የኮምፒውተር ቀዳዳ የምትሰጠው ኃይል ትንሽ ነው፤ የድሮ ኮምፒውተር ግማሽ አምፒር ቢሰጥ ነው። ስልክ ደግሞ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል። ስክሪኑ ይበራል፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ባትሪው ከደከመ በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ይወርድና ስልኩ ይጠፋል። ከዚያ ራሱን እንደገና ያስነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። አንቺ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ትያለሽ፣ እሱ ግን ተርቧል።

ስለዚህ ከግድግዳ ሶኬት አስገቢው። ቻርጀሩ ላይ ጽሑፉን እይ፤ 5 ቮልት 2 አምፒር ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን። ገመዱ የላላ ወይም የተላጠ ከሆነ ተዪው፣ ከአክስታችን ልጅ ተዋሺ። ከመሰካትሽ በፊት የቻርጀር መግቢያውን በባትሪ መብራት እይው። የኪስ አቧራና የመቀነት ክር እዚያ ይጠቀጠቃል። በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊው። መርፌ እንዳታስገቢ፣ በአፍሽም እንዳትነፊበት፤ እርጥበት ይገባዋል። ከዚያ ሰክተሽው ለአንድ ሰዓት ያህል አትንኪው። እየደጋገሙ ለማብራት መሞከር የገባውን ትንሽ ኃይል መጨረስ ነው።

ግን ከሁሉ በፊት ጀርባውን ተመልከቺ። ሽፋኑ ተነስቷል? ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ይወዛወዛል? እንደዚያ ከሆነ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። አትሰኪው፣ አትጫኚው፣ ልጆቹ አጠገብ አታስቀምጪው። ያበጠ ባትሪ እሳት ያመጣል። ያኔ ባትሪ ማስቀየር እንጂ ሌላ ሙከራ የለም። ባትሪ መቀየር ደግሞ ውስጡ ያለውን አይነካም፣ አትፍሪ።

ቁልፉን ለማየት ከቨሩን አውልቂው። እማ የገዛችው ያ ወፍራም ከቨር የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ቁልፉን በጣትሽ ጫን ለቀቅ አድርጊው። ጠቅ ብሎ ካልተመለሰ ተጣብቋል። ሁልጊዜ እንደተጫነ የሚቆጥር ስልክ ራሱን እያጠፋ ያበራል፤ ሰው ግን ሶፍትዌር ነው ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ባየሁ ቁጥር ያበሳጨኛል። በአንዲት ቁልፍ ምክንያት የሰው ትዝታ ይጠፋል።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጪ። ሚሞሪ ካርድ ካለው በአክስታችን ልጅ ስልክ ላይ አስገብተሽ እይው። ምናልባት ቅጂው እዚያ ይሆናል፣ ያኔ ጭንቀታችን አለቀ። «ይህ ካርድ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀሽ እንቢ በዪ። ከዚያ የድምፅ መቀነሻውንና የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነሽ ያዢ። አሥር ሰከንድ፣ ካልሆነም ሃያ ሰከንድ ድረስ። ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። ይህ ምንም አያጠፋም፣ በግድ ማስነሳት ብቻ ነው። የአጎታችን ቴክኖም እንዲህ ቢሆን፣ ብዙዎቹ ስልኮች ማብሪያውን ብቻ ረዘም አድርገሽ ስትይዢው እንደገና ይነሳሉ።

እንደገና ሎጎው ላይ ከቆመ ሴፍ ሞድ የሚባለውን ሞክሪ። የሳምሰንግ ጽሑፍ እንደመጣ የድምፅ መቀነሻውን ተጭነሽ እስኪከፈት ድረስ አትልቀቂ። ከተሳካ ከታች በኩል ጥግ ላይ ሴፍ ሞድ የሚል ይጻፋል። ከፕሌይ ስቶር የተጫኑት አፖች አይሠሩም፣ ስልኩ ግን ቀለል ብሎት ይነሳል። የእማ ስልክ ቪዲዮ በቪዲዮ እንደሆነ አውቃለሁ። ዘመድ የላከው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ስልኩ ሲነሳ ለራሱ የሚጽፋቸው ፋይሎች አሉት፤ ቦታ ካጣ ሰው እንደሞላበት ጠባብ ቤት መላወሻ ያጣና እዚያው ይቀራል።

ከተከፈተ፣ እባክሽ፣ ምንም ነገር ከመሰረዝሽ በፊት፣ ለማንም ከመደወልሽም በፊት ድምፁን አውጪው። ማይ ፋይልስ ውስጥ ግቢ። ቮይስ ሪኮርደር የሚል ፎልደር አለ፣ ወይም ሪኮርዲንግስ በሚለው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ጋለሪ ውስጥ አትፈልጊው፣ ጋለሪ ድምፅ አያሳይም። ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጪው፣ ለእኔም በቴሌግራም ላኪልኝ። ሁለት ቦታ ካለ እንቅልፍ ይወስደኛል። እስክትጨርሺ ስልኩን አታጥፊው፣ ከቻርጀርም አትንቀዪው። ከዚያ በኋላ ነው ቪዲዮዎቹን እየመረጥሽ የምታጠፊው።

ካልተከፈተ ደግሞ ሪከቨሪ የሚባለው፣ ስልኩ ሳይከፈት የሚገባበት የጥገና ዝርዝር፣ ይቀራል። ይህን ብቻሽን አታድርጊው፣ የአክስታችን ልጅ አጠገብሽ ይሁን። አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ካልተያያዙ ወደዚያ አይገቡም። አያይዙትና የድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን ያዙ። ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ ጣታችሁን ከመቀነሻው ወደ መጨመሪያው ቶሎ አዙሩት፣ ማብሪያውን ሳትለቁ። በጥቁር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ይመጣል። በድምፅ ቁልፎቹ ወደላይ ወደታች ይባላል፣ በማብሪያው ይመረጣል።

እዚህ ላይ ነፍሴ ትጨነቃለች፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን የሚለውን መምረጥ ትችላላችሁ፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ነው የሚያጸዳው። ሪፔር አፕስ የሚል ካለም እሱን ሞክሩ፣ የሰው ፋይል አይነካም። ከዚያ ሪቡት ሲስተም ናው። ዋይፕ ዳታ የሚለውን ግን አትንኩት። ሁለቱ ተቀራርበው ነው የተጻፉት፣ መጀመሪያቸውም አንድ ቃል ነው። ከመጫናችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ እኔ አይቼ «አዎ» ልበላችሁ።

ይህም ካልሠራ ወደ ጠጋኙ መሄዱ ግድ ነው። እሱን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ወረፋ አለበት፣ ፎርማት ማድረግ ደግሞ ፈጣኑ መንገድ ነው። ግን አፍ አውጥተሽ ንገሪው፤ «ዳታው ከጠፋ ስልኩን አልፈልገውም» በዪው። መጀመሪያ በሌላ ባትሪ ይሞክረው። ሶፍትዌር መጫን አለብኝ ካለ ሆም ሲኤስሲ በሚለው ፋይል እንዲጭን ጠይቂው። ሲኤስሲ ብቻ የሚለው ሁሉንም ያጸዳል፣ ሆም ያለበት ግን የሰውየውን ፋይል ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ ለማደስ የተዘጋጀ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ካልገባው አመስግነሽው ስልኩን ይዘሽ ውጪ። ስልኩንም ጥለሽለት አትሂጂ፣ ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጪ። የእማና የእናንተ ፎቶ አለበት።

የቴሌብሩ ገንዘብ አያስጨንቃችሁ። ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው። ሲሙን በአባባ የቁልፍ ስልክ ላይ አስገቢና *127# ደውዪ፣ ሒሳቡ ይመጣል። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ለጠጋኝ ቀርቶ ለጎረቤትም እንዳትሰጪ።

ለምን ይህን ያህል እንደጻፍኩ እማ ትጠይቅሽ ይሆናል። እዚህ ሱቃችን የሚመጡት ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ናቸው። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው የማይነሳ ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኛቸው እሱ ብቻ ነው። አንዷ የልጇን ፎቶ ነው የምትፈልገው፣ ሌላዋ የሟች እናቷን ድምፅ። ሁሉም «ስልኩ ይቅር፣ ውስጡን አውጣልኝ» ይላሉ። ለእነሱ እጄ ሳይንቀጠቀጥ እሠራለሁ። የአባባ ድምፅ ያለበት ስልክ ግን ደሴ ሆኖ እኔ እዚህ መሆኔ ከብዶኛል።

የሰፈራችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት በኮምቦልቻ በኩል ይገባል። ደህና ቻርጀር፣ ገመድና ሚሞሪ ካርድ ሰጥቼዋለሁ፣ ተቀበዪው። የጻፍኩትን ሁሉ ሞክራችሁ እንቢ ካለ ስልኩን አታስፈቱት። ጠፍቶ እንዳለ በጨርቅ ጠቅልለሽ ሲመለስ ስጪው። በእጁ ሻንጣ ይያዘው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተተው። እዚህ ማይክሮስኮፑም፣ መሣሪያውም፣ ከኔ የሚበልጥ ፓኪስታናዊ ባልደረባም አለኝ። ቦርዱ ላይ ያለ ችግር ቢሆን እንኳ አብረን እንቀመጥበታለን። እማ እስከዚያ በቪዲዮ መደወያው በቦቲም እንድታየኝ የአክስታችን ልጅ ስልኩን በጁምዓ ያውሳት፣ ነግሬዋለሁ።

የደረስሽበትን ጻፊልኝ፤ ሎጎው ላይ ስንት ሰከንድ ይቆያል፣ ሲሰካ የባትሪ ምልክት ያሳያል ወይስ አያሳይም፣ ጀርባው እንዴት ነው። ከሥራ የምወጣው በእናንተ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ ወዲያው እመልስልሻለሁ። እማን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ