እማዬ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጊው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ነገ ከዚህ ከደላስ አየር ማረፊያ የሚበር ሰው አገኘሁና ነው ይህን የምጽፍልሽ። አንቺን ስልክ ላይ ማናገር እኮ አይቻልም። ስለ ራስሽ ስጠይቅሽ ስለ ልጆቹ ትጠይቂኛለሽ። ስለ ድድሽ ሳነሳ ኔትወርኩ ይጠፋል። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ለማሙሽ እንዳትሰጪው፤ እሱን የማይመለከት ነገር አለበት።

በቅድሚያ የልጆቹን ልንገርሽ። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ምግብ አይጠግብም፣ ዳቦ የምገዛው ለሰርግ ነው የሚመስለው። ሚጡ ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርሷ ወለቀላት። እኛ ልጅ ሳለን ቆርቆሮ ላይ እንወረውር እንደነበር ነግሬያት ስለነበር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቆርቆሮ ከየት ይምጣ ብላ አለቀሰች። አሁን በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጣዋለች። "እማማ ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምወረውረው" ትላለች። መቼ ነው የምንሄደው ስትለኝ "ሥራ ሲቀዘቅዝ" እላታለሁ። ሥራ መቼ ይቀዘቅዛል? እኔም አላውቅም።

ስለ ጥርስ ካነሳን ዘንድ፣ እማዬ፣ ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ በቪዲዮ ግንባርሽን ብቻ ሳይ። ግንባርሽንና የሳሎኑን መጋረጃ። "እማማ አፍ የላትም እንዴ?" አለች ሚጡ። ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ስትስቂ ድምፅሽ ይሰማል፣ የሚታየው ግን ነጠላሽ ነው። ከዚያ ማሙሽ በቴሌግራም ራጁን ላከልኝ። ሁለት ጥርስ እንደተነቀልሽ ከራጅ ላይ አወቅሁ። የሌላውን ሰው ራጅ ቀኑን ሙሉ ሳይ ነው የምውለው። ያንቺን ስከፍት ግን ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥርስሽ አልበሰበሰም። አንድም የተቦረቦረ የለም፣ ስኳር ከሻይሽ ላይ ድሮ ማንሳትሽ ጠቅሞሻል። የተሸረሸረው ጥርሱ የቆመበት ነው። የደብረ ታቦሩን የአጥር እንጨት አስቢው። እንጨቱ ደህና ነው፤ አፈሩን ግን ጎርፍ ከሥር ከወሰደው ራሱ ዘንበል ይላል። ያንቺ የታች የፊት አራቱ ጥርሶች እንደዚያ ሆነው ነው ያየኋቸው።

ጎርፉ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በየቀኑ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ነጭ ለስላሳ ነገር ነው። ተሕዋስያን ናቸው። ለስላሳ ሳለ ብሩሽ ያነሳዋል። ጥቂት ቀን ከቆየ ግን ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን እየገባበት ድንጋይ ይሆናል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ሥር እንደሚይዘው ነጭ ድንጋይ። የታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ላይ የሚብሰው የምራቁ ቧንቧ እዚያው ስለሚከፈት ነው። ድንጋይ ከሆነ በኋላ ብሩሽም፣ ጨውም፣ መፋቂያም አይነካውም። ስቴኪኒውማ ድድሽን ከመውጋት በቀር ምንም አይፈይድም። በመሣሪያ ብቻ ነው የሚነሳው። ድድ ደግሞ ከዚያ ድንጋይ ይሸሻል፣ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ቀስ እያለ ይሄዳል። ሕመም የለውም እኮ። እሱ ነው ክፋቱ። ቢያምሽ ኖሮ አንቺም ትነግሪኝ ነበር። ወይ አትነግሪኝም።

መፋቂያሽን አልነቅፍም። ወይራውን እወደዋለሁ፣ ሽታው ራሱ ቤታችንን ያስታውሰኛል። ግን አንቺ የምትፍቂው ሰው የሚያየውን በኩል ነው። ጀርባውና በጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ማንም ሳይደርስበት 68 ዓመት ሞላው።

ደግሞ ንቅሳትሽ አለ። እዚህ ፈረንጅ ድዱ ሲታመም ይቀላል፣ ገና አፉን ሲከፍት እናውቀዋለን። ያንቺ ድድ ግን በመርፌና በጥቀርሻ የተነቀሰ ነው። በ12 ዓመትሽ፣ እንባሽን ውጠሽ፣ "ጥርሷ በረዶ መሰለ" እንዲባልልሽ። ባልደረቦቼን ፎቶሽን አሳይቻቸው ሁሉም ተደንቀው ነበር። ጥቁር ሰማያዊው ቅላቱን ይሸፍነዋል። ደሙን ግን አይሸፍነውም።

አሁን ለማሙሽ አትስጪው ያልኩሽ ጋ ደረስኩ።

በ2006 ዓ.ም. ትምህርቱን ልጀምር ስል ደወልኩልሽ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር የደወልኩት። ጥርስ ማጠብ፣ ድድ ማከም፣ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው አልኩሽ። ዝም አልሽ። ከዚያ "የሰው አፍ ልታጥቢ ነው ባሕር የተሻገርሽው?" አልሽኝ። አልመለስኩልሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አረጋውያን እየጠበቅሁ፣ ቀን ቀን እየተማርኩ ጨረስኩ። ስመረቅ ፎቶ ላክሁልሽ። አንቺም ፎቶውን አስፍተሽ አሠርተሽ ሳሎን ሰቀልሽው። ለዕድርተኛው ሁሉ "ዶክተር ሆነችልኝ" አልሽ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ማሙሽ ሲነግረኝ እኮ እውነት ሳቅሁ።

ከዚያ በ2012 ለአባዬ ሙት ዓመት መጣሁ። ያቺ ቡና ላይ የማትታጣው ጎረቤታችን የጉልበቷን ራጅ በፌስታል ይዛ ድንኳን ውስጥ መጣች። "ዶክተርዬ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ" አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። እኔ አንቺን አየሁሽ። አንቺ አየት አደረግሽኝና ወጡን ማማሰል ቀጠልሽ። አንዲት ቃል ብትናገሪ በቂ ነበር። "ልጄ የጥርስ ባለሙያ ናት" ብትይ ማን ይስቅብሽ ነበር? ራጁን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ፣ እንደማውቅ መስዬ፣ "ለሐኪምዎ ያሳዩት" አልኳት። ጉልበት እኮ ነው እማዬ። ጉልበትና ጥርስ ምን አገናኘው?

ይህ ሙያ እንዲያው ከመንገድ የተነሳ አይደለም። በፈረንጆቹ 1906 ኮኔቲከት ውስጥ አልፍሬድ ፎንስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። ጥርስ ከተበላሸ በኋላ ከመንቀል አስቀድሞ መጠበቅ ይሻላል አለና አይሪን ኒውማን የምትባለውን የአጎት ልጁን ጥርስ ማጠብ አሠለጠናት። በ1913 ደግሞ ትምህርት ቤት ከፈተ። የሰው አፍ ማጠብ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ ከዘመድ። እኔ ደግሞ የእናቴን አፍ አላጠብኩም።

ይኸውልሽ፣ እስካሁን ስዞር የቆየሁት ይህን ላለመናገር ነው። በሙት ዓመቱ ማግስት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ ትፍቂ ነበር። እኔ በመስኮት ነበርኩ። የመፋቂያው ጫፍ ቀይ ነበር። ምራቅሽ አፈሩ ላይ ሮዝ ነበር። በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን ጠረግሽና ነጠላውን አጠፍሽው፣ ደሙ ወደ ውስጥ እንዲሆን። አየሁ። ከማንም በላይ እኔ ነኝ ምን እንደሆነ የማውቀው። ሻንጣዬ ውስጥ መስተዋቷም ነበረች። ግን አኩርፌሽ ነበር። በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? "ዶክተሯ ልጅሽ ትመልከትልሽ" አልኩ።

ከዚያ ተመለስኩና የፍሪጅ ብር ላክሁልሽ።

ድድ ብቻ ተቆጥቶ ከሆነ ታጥቦ፣ በየቀኑ ተጠብቆ ይድናል። አጥንቱ ከሄደ ግን በራሱ ተመልሶ አይበቅልም፤ በአብዛኛው ባለበት ማስቆም ነው የሚቻለው። ያን ጠዋት የትኛው ላይ እንደነበርሽ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንቺም ለዶክተሯ ልጅሽ አልነገርሻትም፣ ለአፍ አጣቢዋም አልነገርሻትም። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ማን ይበልጥ እንዳጠፋ አላውቅም፣ አሁን መቁጠሩም አድክሞኛል።

ስለዚህ ማክሰኞ ትሄጃለሽ። ማሙሽ ቀጠሮ ይዞልሻል። ጾሙ ሰኞ ስለሚገባ "ከገና በኋላ" እንደምትይ አውቄ የንስሐ አባትሽን አስጠይቄያለሁ፤ "ለሕመም ነው፣ ትሂድ" ብለዋል። ቁርስሽን በልተሽ፣ የስኳር መድኃኒትሽን ውጠሽ ነው የምትሄጂው። ባዶ ሆድሽን ሄደሽ እንዳትወድቂብኝ።

የመድኃኒቶችሽን ካርቶን በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የግፊቱ፣ አምሎዲፒን የሚለው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል። አስፕሪን እንደምትወስጂም ንገሪያቸው፣ ደም ስለሚያቀጥን። ሐኪም ሳያዝሽ ግን ሁለቱንም በራስሽ እንዳታቆሚ። ስኳርሽንም ንገሪያቸው። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ይብሳል፤ ድድ ሲታመም ደግሞ ስኳር አልወርድ ይላል። ድዱ የታከመ የስኳር ሕመምተኛ የሦስት ወሩ ስኳር፣ HbA1c የሚሉት የደም ምርመራ፣ በአማካይ 0.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ሐኪምሽ "ምን በልተሽ ነው?" እያለ የሚቆጣሽ ምናልባት ከምግቡ ብቻ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ በቀጭን ዘንግ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ኪስ ይለኩታል፣ እያንዳንዱን ጥርስ ስድስት ቦታ። ቁጥር ሲጠሩ ትሰሚያለሽ። እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው። ማሙሽ የላከው ወረቀት ላይ 6 እና 7 አይቻለሁ፣ ስለዚህ ስትሰሚ አትደንግጪ፣ እኔ ቀድሜሽ ደንግጫለሁ። ከዚያ ማደንዘዣ ይወጉሻል። የሚጮኸው መሣሪያ አይቦረቡርም። በሴኮንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ እየተንቀጠቀጠ ድንጋዩን ያራግፋል፣ ውሃ ይረጫል። ድንጋዩ ከድድ ሥርም ስላለ በአንድ ቀን ላይጨርሱት ይችላሉ። ሁለተኛ ቀጠሮ ሲሰጡሽ "ብር ሊበሉ ነው" እንዳትይ። ብሩ የኔ ነው።

ጎረቤታችን "ጥርስ ሲታጠብ ይነቃነቃል" እንዳለችሽ ሰምቻለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ድንጋዩ ጥርሶቹን አጣብቆ ይዟቸው ነበር፤ ሲነሳ ድሮውንም የላሉት ይታወቃሉ፣ ክፍተቱም ይታያል። ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ቀን ይሰማሻል። ይህን ሰምተሽ ተመልሰሽ እንዳትቀሪ። ጉልበቷን ደግሞ ተሻላት?

ሻንጣው ውስጥ ስድስት ለስላሳ ብሩሽ አለ። ለሰው እንዳታድዪ፣ አውቅሻለሁ። ትንንሾቹ የጠርሙስ መፋቂያ የሚመስሉት በጥርስና ጥርስ መካከል የሚገቡ ናቸው፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት። በመጀመሪያው ሳምንት ይደማል። ደማ ብለሽ እንዳትተዪው፤ የሚደማው ስላልተጠረገ ነው። ቅርንፉዱን ለወጥሽ ተይው። ከዚህ በኋላ በየሦስት ወሩ ትታጠቢያለሽ። ቀኑን እኔ እቆጥራለሁ።

የሚጡን ጥርስ ነገር አላበቃሁልሽም። ለትንሣኤ ትኬት እያየሁ ነው። ገና አልቆረጥኩም፣ ለሰፈሩ እንዳታወሪ። ከመጣሁ ግን መሣሪያዬን ይዤ ነው የምመጣው። ደጃፉ ላይ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ማንም ቢያይ ግድ የለኝም፤ አንቺ ግድ ይልሽ እንደሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ።

ማክሰኞ ከዚያ እንደወጣሽ ደውዪልኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም አልተኛም። ማደንዘዣው አፍሽን አጣሞት ቢሆንም ካሜራውን ዝቅ አድርጊው።

ልጅሽ