ያቺን ክብ ባትሪ ለልጅ አትስጡ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ መርካቶ ውስጥ ሰዓት እሠራለሁ። ዛሬ ሰው ሰዓት የሚያየው ከስልኩ ስለሆነ፣ እኔ ጋ የሚመጣው የመኪና ሪሞትና የልጆች መጫወቻ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሿ የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ በዝታለች። የአፕል ሥራ የሆነችው ኤርታግ አለች፣ አምሳያዎቿም ብዙ ናቸው። ዘመድ ከውጭ ይልካታል፣ ባለቤቱ ከባጃጅ ቁልፍ ወይም ከተማሪ ቦርሳ ላይ ያስራታል።

ብዙ ሰው በሳተላይት የምትከታተል ይመስለዋል። አይደለም። በብሉቱዝ ምልክት ትልካለች፣ ያለችበትን ቦታ የሚያሳብቀው አጠገቧ ያለ የሰው ስልክ ነው። ለኤርታግ ደግሞ የአፕል ስልክ ያስፈልጋል። አንድ ደንበኛዬ ጌራ ያለች ላሙ አንገት ላይ ሊያስራት ፈልጎ ነበር። ጫካ ውስጥ አይፎን የያዘ እረኛ ካላገኘህ ገንዘብህን አታባክን አልኩት።

የጻፍኩት ግን ስለ ባትሪዋ ነው። ኤርታግን ለመክፈት የብረቱን ፊት በሁለት አውራ ጣት ጫን አድርጎ ወደ ግራ ማዞር ይበቃል። ብሎን የለውም። ለእኔ ሥራ ያቀልልኛል፣ ነገር ግን እጁ ጠንከር ያለ ልጅም ሊከፍተው ይችላል። አንዳንዶቹ አምሳያዎችማ ከእጅ ሲወድቁ ክዳናቸው በራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል።

ውስጧ ያለችው 2032 የምንላት ባትሪ ናት። ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ጉልበቷ 3 ቮልት ነው። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ውስጥ ልትቀረቀር ትችላለች። እርጥበቱ ኤሌክትሪክ ያሳልፍና ሥጋውን የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። አለቀች ተብላ የወጣችውም ያው ናት። መፈለጊያውን ማሠራት ቢያቅታትም ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ጉልበት አላት። እናቶች ያለቀችውን ለልጅ መጫወቻ ሲሰጡ ሳይ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ልጁ ሲውጥ ያየው ሰው ከሌለ ምልክቱ ያታልላል። ያስለው ይሆናል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ምግብ እንቢ ይላል። ሰው ቶንሲል ነው ብሎ ያሳድራል። ጥርጣሬ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ወስዶ ራጅ ማስነሣት ነው። ማስመለስ አይገባም፣ ትውረድለት ተብሎ ዳቦ ማጉረስም አይገባም። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ይሰጠው፣ ከ6 ጊዜ ሳይበልጥ። ማር ቃጠሎውን ያዘገየዋል እንጂ አያድንም፣ ስለዚህ ማር ፍለጋ ጊዜ አይባክን። ደግነቱ ጅማ ውስጥ ማር የማይገኝበት ሰፈር የለም። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የገባችም በቶሎ መውጣት አለባት።

አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሕፃን እንዲህ ዓይነት ባትሪ ውጣ ከሞተች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ክዳኑ ለልጅ እንዳይከፈት፣ ማሸጊያውም እንዲጠነክር የሚያዝ ሕግ ወጥቷል። እኛ ጋ ከማስቲካና ከረሜላ ጋር በአንድ ሳህን ተዘርግታ ትሸጣለች። ባለሱቆች፣ እባካችሁ ከነማሸጊያዋ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት። ያለቀችውን ደግሞ ሁለቱንም ፊቷን በፕላስተር ጠቅልላችሁ አምጡልኝ፤ ክዳን ያለው ጣሳ አዘጋጅቻለሁ።

ሰዓት ሠሪው፣ ከጅማ