ለዘገየ ደብዳቤ የመስኮቱን ሠራተኛ ከመውቀሳችን በፊት

ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በከተማችን በድሬዳዋ ከውጭ አገር የተላከ ሰነድ ወይም ጥቅል ዕቃ በዘገየ፣ ወይም የገባበት በጠፋ ቁጥር ቁጣው የሚያርፈው ከፖስታ ቤቱ መስኮት ኋላ በተቀመጠው ሠራተኛ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ቁጣው ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሳተ መሆኑን ለአንባቢያን ለማስረዳት ነው። ለራሴም ለዘመድ አዝማድም ጉዳይ ለዓመታት ፖስታ ቤት ስመላለስ እንደታዘብኩት፣ ለብዙ ደብዳቤዎች መጥፋት ምክንያቱ ከሠራተኛው ስንፍና ይልቅ የእኛው የአድራሻ አጻጻፍና የአላላክ ልማድ ነው።

አንድ ደብዳቤ ከቶሮንቶ ወይም ከሜልቦርን ተነሥቶ ድሬዳዋ እስኪገባ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ማሰብ ይገባል። በላኪው አገር ተለይቶ በከረጢት ይታሸጋል፤ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር በኩል ዞሮ፣ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በውስጡ ዕቃ ካለበት ለጉምሩክ ፍተሻ ይቀርባል፤ ከዚያም በየከተማው ዳግመኛ ተለይቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ እኛ ይመጣል። የድሬዳዋው ሠራተኛ እጅ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ያልተነሣውን ከረጢት እሱ ሊያመጣው አይችልም፤ ሆኖም «የት አደረሳችሁት?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በረራዎችን ባስቆመ ጊዜ የብዙ አገሮች ፖስታ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ሲቀር፣ ለተቆጣው ደንበኛ ሁሉ መልስ ሲሰጡ የነበሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ጠፋ የምንለው ደብዳቤ ግን ከተማው ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን ያጣ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚታደለው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ የራሱ ሣጥን የተከራየው ነዋሪ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትን፣ የትምህርት ቤትን ወይም የምናውቀውን ነጋዴ ሣጥን እንጠቀማለን። አባት ጡረታ ሲወጣ፣ ነጋዴው ሱቁን ሲዘጋ ወይም የዓመቱ ኪራይ ሳይከፈል ሲቀር ያ ቁጥር የእኛ መሆኑ ያበቃል፤ በውጭ ያለው ዘመዳችን ግን ድሮ በማስታወሻው የያዘውን ቁጥር ዛሬም ይጽፍበታል። በዚህ ላይ የስማችን ጉዳይ አለ። መሐመድ፣ አህመድ፣ አብዲ፣ ዩሱፍ በሚሉ ስሞች በሞላ ከተማ ውስጥ የአያት ስም ሳይጠቀስ የመጣ ፖስታ የማን እንደሆነ ማን ሊያውቅ ይችላል? መሐመድ የሚለው ስም ብቻውን በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት መንገድ ይጻፋል፤ በመታወቂያው ላይ ያለው አንድ፣ በፖስታው ላይ ያለው ሌላ ይሆንና ሠራተኛው ለማስረከብ ሲቸገር ተቀባዩ ሆን ተብሎ የተጉላላ ይመስለዋል። በውጭ አገር ተቋማት አሠራር ደግሞ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ፊት ይጻፋል፤ ልጁን በራሱ ስም የሚፈልገው ሰው በአያቱ ስም የተመዘገበውን አያገኘውም። ሐረር ውስጥም ከዚህ የተለየ አይደለም። በጁገል ጠባብ መንገዶች ቤት የሚገኘው በሰው ምሪት እንጂ በቁጥር አይደለምና፣ ስልክ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ባለቤቱን የሚያገኘው ሠራተኛው ቤተሰቡን ካወቀ ብቻ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቤተሰባችን በደረሰ አንድ ነገር አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ በውጭ አገር ከተማረበት ትምህርት ቤት የውጤት ማስረጃው እንዲላክለት ጠይቆ ሳለ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ምንም መከታተያ ቁጥር በተራ ፖስታ ላከለት፤ አድራሻውም አባቱ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሣጥን ነበር። መሥሪያ ቤቱ «እዚህ የለም» ብሎ መለሰው። በመስኮቱ የነበሩት ወይዘሮ ግን የአባትየውን ስም ከድሮ ጀምሮ ያውቁት ስለነበር ፖስታውን ወደ ላኪው ከመመለሳቸው በፊት በሥራ ባልደረቦቻቸው በኩል ስልካችንን አፈላልገው ደወሉልን። ይህን እንዲያደርጉ የሚያስገድዳቸው ደንብ አልነበረም። ልጁ የሥራ ማመልከቻውን ቀን ሳያሳልፍ ማስረጃውን ሊያቀርብ የቻለው እኚህ ሴት ከሥራ ሰዓታቸው ቀንሰው ስለ ሰው ስላሰቡ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ እንደሚደረግ፣ የሚነገረው ግን የጠፋው ብቻ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አስተውያለሁ።

ስለዚህ የሚጠቅም ሰነድ የሚጠብቅ ሰው ላኪውን በአደራ፣ ማለትም በፖስታ ቤት አስመዝግቦ፣ እንዲልክለት አስቀድሞ ሊለምነው ይገባል። በአደራ የተላከ ደብዳቤ በሁለት የላቲን ፊደላት ጀምሮ ዘጠኝ አኃዞች ይዞ የላኪውን አገር በሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት የሚያልቅ ቁጥር አለው፤ በ«አር» የሚጀምረው የአደራ ደብዳቤ፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ጥቅል፣ በ«ኢ» የሚጀምረው ፈጣን መልእክት ነው። ይህ ቁጥር ሳይያዝ ወደ መስኮቱ ቀርቦ «አንድ ደብዳቤ ነበረኝ» ማለት ሠራተኛውን የማይቻል ነገር መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፦ የዓለም ፖስታ ኅብረት ባወጣው ደንብ መሠረት ስለ ጠፋ የአደራ ደብዳቤ ወይም ጥቅል የሚቀርብ ጥያቄ ከተላከበት ማግሥት ጀምሮ በሚቆጠር 6 ወር ውስጥ መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ጥያቄውን የሚጀምረው ደረሰኙን የያዘው ላኪ ነው፤ ካሣም ቢኖር በመጀመሪያ የሚገባው ለእሱ ነው። እኛ ግን ተቀባዮች ሆነን ድሬዳዋ ላይ እየተመላለስን እየተጨቃጨቅን ያ ጊዜ ያልፋል፤ ላኪው ደግሞ ደረሰኙን ጥሎታል። በፖስታው ላይም ሙሉ ስም እስከ አያት በመታወቂያው ላይ እንዳለው፣ የሚሠራ የሣጥን ቁጥርና ከሁሉም በላይ የስልክ ቁጥር እንዲጻፍ ማድረግ የተቀባዩ ፋንታ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ድካም ብለው ሰነዳቸውን በአውቶቡስ ረዳት ወይም በመንገደኛ እጅ ይልካሉ። ችግራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን በሰው እጅ የተላከ ነገር ሲጠፋ ደረሰኝም ጠያቂም የለውም። ፍጥነት ከሆነ የሚፈለገው፣ ከአወዳይ ተነሥቶ በዚያው ቀን ጅቡቲ ስለሚገባው ጫት እናስብ። ጫቱ የሚፈጥነው ከደብዳቤው የተሻለ መንገድ ስላለው አይደለም፤ በየደረጃው የሚረከበው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት ቆሞ እንደሚጠብቅና ስልኩ ስንት እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ደብዳቤያችንም በዚህ ያህል የታወቀ ተረካቢ ቢኖረው ኖሮ የመዘግየቱ ነገር ብዙ በቀለለ ነበር።

ይህ አካባቢ ለፖስታ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የአገራችን ፖስታ ሲመሠረት ወደ ውጭ የሚሄደው ደብዳቤ መውጫው በሐረር በኩል ነበር፤ ከዚያ እስከ ጠረፍ በእግረኛና በግመል ይጓዝ ነበር። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ቴምብሯ ከጠረፍ ማዶ ተቀባይነት ስላልነበረው ፈረንሳዮች በሐረርና በድሬዳዋ የራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ የፖስታው ከረጢት ከግመል ጀርባ ወደ ፉርጎ ተዛወረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባለው ዘመን ሁሉ ደብዳቤን ከባለቤቱ የሚያገናኙት ሰዎች ስማቸው ሳይነሣ ኖረዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማይደፈር ተብሎ የተደነገገውን የደብዳቤ ምስጢር በየዕለቱ በእጃቸው የሚጠብቁት እነሱ መሆናቸውንም መርሳት የለብንም።

ይህን ስል ጥፋት የለም ማለቴ አይደለም። ደንበኛን የሚያመናጭቅ ወይም የሰው ዕቃ የሚነካ ሠራተኛ ካለ በሕግ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ደረሰኝ የያዘ ሰውም አቤቱታውን በጽሑፍ አቅርቦ መልስ የማግኘት መብቱ ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን በድሬዳዋ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ከረጢት የሚያራግፈውና የደበዘዘ የእጅ ጽሕፈት የሚያነበው ሠራተኛ በማይመለከተው ጥፋት መሰደቡ ፍትሐዊ አይደለም።

የከተማው አስተዳደር የመንገድ ስያሜና የቤት ቁጥር ሥራውን ቢያጠናክር፣ ፖስታ ቤቱም ተራ ደብዳቤን ጨምሮ ስልክ የተጻፈበት ሁሉ እንደደረሰ ለባለቤቱ አጭር መልእክት ቢልክና በመለያ ክፍል ለሚሠሩት የተሻለ የአየር ማቀዝቀዣና በቂ ሰው ቢመድብ፣ ዛሬ በአንድ ሠራተኛ ትውስታ ላይ የተንጠለጠለው ነገር በአሠራር ይተካል። ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር ልለምን። የዓለም ፖስታ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 29 አካባቢ ይውላልና፣ በዚያ ሰሞን ዘጋቢያችሁን ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ልካችሁ ከመስኮቱ ኋላና ከመለያው ጠረጴዛ ያሉትን ሠራተኞች ስለ ሥራቸው ብትጠይቋቸው፣ ባለቤታቸው ያልተገኙ ደብዳቤዎችም ምን ዓይነት አድራሻ እንደያዙ ለአንባቢ ብታሳዩ፣ ለእነሱም ለእኛም ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ መምህር
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ