የከብት መርዝ ውሻችን ላይ አናፍስስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ውሻ ሲነሳ ወሬው ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ላይ ያበቃል። እሱ ይነሳ፣ ተገቢም ነው። ስለ ቁንጫና መዥገር ግን የሚጽፍ የለም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ከጎረቤት የሰማውን ይዞ ግቢ ውስጥ የታሰረ ውሻው ላይ ይሞክራል።

አንዱ «ማላታይን አፍስስበት፣ ባንዴ ያራግፈዋል» ይላል። ሌላው ዲያዚኖን፤ ሁለቱም ለሰብልና ለከብት ተባይ የተሠሩ መርዞች ናቸው። ሌላው ላምባ፣ ሌላው ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት። ከሁሉም የሚያስፈራኝ በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጠው ነው፦ ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅ። ሻጩ «ትንሽ በውኃ በጥብጠው» ይላል፣ በቃ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ለስንት ኪሎ ውሻ?

ማላታይንና ዲያዚኖን ነርቭ ላይ የሚሠሩ መርዞች ናቸው። መዥገሩን የሚገድሉበት መንገድና ውሻውን የሚጎዱበት መንገድ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። ውሻ ደግሞ ራሱን ይልሳል፣ ስለዚህ በቆዳው የገባው ሳያንስ በአፉም ይጨምርበታል። ከዚያ ለሀጩ ይዝረከረካል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል። ይህን ካያችሁ «ይለፍለት» ብላችሁ አትጠብቁ። ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም። የመርዙን ጠርሙስ መያዝ አትርሱ፤ ለእነዚህ መርዞች አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ሐኪሙ ግን ምን እንደነካው ማወቅ አለበት። ወተት ማጠጣት መርዙን አያረክስም። በግድ ማስመለስ ደግሞ ይብሳል፣ በተለይ ላምባ ከሆነ፣ ምክንያቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ድመት ያላችሁ ይህን በጣም ልብ በሉልኝ። ለውሻ ተብለው ከሚሸጡት ቆዳ ላይ የሚደረጉ ጠብታዎች አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ አለባቸው። ውሻ ይችለዋል። የድመት ጉበት ግን በደንብ ሊያስወግደው አይችልም፤ ጥቂት ጠብታ አንቀጥቅጦ ሊገድላት ይችላል። የውሻውን ጠብታ ለድመቷ ማካፈል ፈጽሞ አይሆንም፣ የተቀባው ውሻም እስኪደርቅ ድረስ ከእሷ ጋር አይተኛ።

ሌላው አይቨርሜክቲን የሚባለው ለከብት ትላትልና ተባይ የሚሰጠው መርፌ ነው። በብዛት የሚገኘው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው፤ የተሠራው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ለሚመዘን በሬ ነው። ለአምስት ኪሎ ቡችላ በዓይን ግምት ሲሳብ ትንሽ ስህተት ብዙ እጥፍ ይሆናል። እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎችና ቅልቅሎቻቸው ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው በተፈጥሮ የጎደላቸው አሉ፤ ሌላው ውሻ የሚችለው መጠን እነሱን ራሳቸውን ያስታቸዋል፣ ሊገድላቸውም ይችላል። ያለ ሐኪም አይወጋ።

ታዲያ ምን ይገዛ? መጀመሪያ ውሻውን መዝኑት። ታቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ሁሉ ማሸጊያው ላይ የኪሎና የዕድሜ ገደብ አለው፤ ለትልቅ ውሻ የተሠራውን ለሁለት ትንንሾች ማካፈል ልክ አይደለም። ፊፕሮኒል የሚባለው ቁንጫና መዥገር ገዳይ ያለበት ጠብታ ፀጉሩ ተገልጦ ሊልሰው በማይችልበት ቦታ፣ በትከሻዎቹ መካከል፣ ቆዳው ላይ ይደረጋል። ከዚያ በፊትም በኋላም ለሁለት ቀን አይታጠብ፣ እስኪደርቅ ልጆች አይቀፉት። አፎክሶላነርና ፍሉራላነር የሚባሉ ኪኒኖችም አሉ፤ የመጀመሪያው 1 ወር፣ ሁለተኛው 3 ወር ገደማ ይሠራሉ። ጥሩ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንዳንድ ውሾች ላይ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ የመሰለ ምልክት እንደሚያመጡ አስጠንቅቋል። ውሻችሁ ከዚህ በፊት ጥሎት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትስጡት።

ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። አቅም ከሌለ አሚትራዝ የሚባለውን መዥገር ማጥፊያ ፈሳሽ በሐኪም መመሪያ፣ በተጻፈው መጠን በጥብጦ፣ ደጅ ላይ መጠቀም ይቻላል። ከ4 ወር በታች ለሆነ ቡችላ ግን አይሆንም። መዥገር በእጅ መልቀምም ምንም አያስወጣም፦ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ክብሪት መለኮስ፣ ላምባ መቀባት፣ በጣት መጨፍለቅ ይቅር፤ መዥገር እንደ ኤርሊኪያና ባቤዝያ ያሉ የደም በሽታዎችን ያስተላልፋል።

ሰው ግን «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን የሚጨምረው ብዙ ጊዜ የውሻውን ቤት ስለረሳ ነው። ውሻው ላይ የምናየው ቁንጫ ጥቂቱ ነው። ከመቶ 95 ያህሉ እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ሆኖ ጆንያው ውስጥና ወለሉ ላይ ነው ያለው፣ ሙሽሬው ደግሞ ተሸፍኖ ወራት ሊቆይ ይችላል። የውሻ መዥገርም ጠግባ ስትወድቅ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ አሮጌውን ጆንያ አቃጥሉ፣ ጨርቁን በፈላ ውኃ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ፣ የቤቱን ስንጥቅ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑ። ግቢው ውስጥ ያሉትም ውሾች ሁሉ አብረው ይታከሙ፣ አንዱ ከቀረ ነገሩ ይመለሳል።

የእንስሳት መድኃኒት የምትሸጡ ወገኖቼ፣ ገዢው ሲመጣ «ለምን እንስሳ ነው? ስንት ኪሎ ነው? ቤት ድመት አለ?» ብላችሁ ጠይቁልን። ቁጥጥር የሚያደርገው የመንግሥት አካልም ስም በሌለው ጠርሙስ ቀንሶ መሸጥን ያስቁምልን፣ ማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያም በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ይጻፍ። እናንተ አዘጋጆችም አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋብዛችሁ የአንባቢን ጥያቄ የሚመልስበት ዓምድ ብትከፍቱልን ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ ከአዲስ አበባ