የንቅሳት ንጽሕና በመርፌ ብቻ አይለካም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ንቅሳት ንጽሕና ያወጣችሁት ጽሑፍ «መርፌው አዲስ መሆኑን አረጋግጡ» ብሎ ያቆማል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ተነቃሹን ለመጠበቅ ግን አይበቃም።

ደም የሚነካው መርፌው ብቻ አይደለም። እኔ በተነቀስኩበት ቤት ነቃሹ የታሸገውን መርፌ እዚያው ፊቴ ከፈተው፤ እፎይ አልኩ። ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ ግን ደም በነካው ጓንት ስልኩን አነሳ፣ መብራቱን አስጠጋ፣ በዚያው ጓንት ወደ ክንዴ ተመለሰ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመተላለፍ አቅሙን ይዞ ይቆያል። ከእኔ በፊት የተነቀሰው ሰው ደም በዚያ ስልክ ላይ አልነበረም ብሎ ማን ይምላል? ለዓይን የማይታይ ቅንጣትም ይበቃል።

ቀለሙም አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ ሮቼስተር ከተማ 19 ሰዎች በተበከለ ግራጫ ቀለም ሳቢያ በባክቴሪያ የሚመጣ የቆዳ ሕመም ያዛቸው። ቀለሙ የቀጠነው በዲስቲልድ ውኃ ነበር። ይህ ውኃ ከማዕድን የተጣራ ነው እንጂ ከጀርም የጸዳ አይደለም። መርፌ መቀየር እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ስለዚህ ለንቅሳት ቤቶች ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ጓንት ሌላ ዕቃ በነካ ቁጥር እንዲቀየር፣ ቀለም ለእያንዳንዱ ተነቃሽ በሚጣል ኩባያ ተቀድቶ የተረፈው እንዲደፋ፣ ማቅጠኛውም የታሸገና ከጀርም የጸዳ ውኃ ብቻ እንዲሆን ያስገድዱ። የቀለሙ የምርት መለያ ቁጥርም በተነቃሹ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ሰው ሲታመም የትኛው ጠርሙስ ከገበያ መሰብሰብ እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል።