ሁለቱ የመሞከሪያ ካሴቶች

ጎንደር፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ቤቱ ጭር አለብኝ እያለች ነው እንጂ። የዓይንዎ ፋሻ እስኪፈታ ድረስ ይህን የምታነብልዎት እህቴ ናት። አንቺ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው እሺ? መደወል እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ሂሳብ አይቁጠርብሽ» ብለው ይዘጉብኛል። ይሄ ደግሞ ረጋ ተብሎ የሚነገር ነው።

አባዬ፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈን ቀድቻለሁ። ሆቴል ካሊፎርኒያን፣ በሬጌ።

የሱቁን ሁለት ካሴቶች ያስታውሷቸዋል? ፒያሳ፣ ከካውያው አጠገብ፣ ሁልጊዜ ተደራርበው የሚቀመጡትን። ቴፕ ጠግነው ሲጨርሱ መጀመሪያ ሆቴል ካሊፎርኒያን ያስገቡ ነበር። ድምፃዊው ሳይገባ ወደ 50 ሰከንድ ጊታር ብቻ ነው የሚመራው። «የሞተሩ ጎማ ከላላ ጊታሩ ይነግርሻል፤ እንደ ሰካራም ይወላገዳል» ይሉኝ ነበር። ጊታሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ የቦብ ማርሌይን ካሴት ያስገባሉ። እሱ ለስፒከር ነበር። ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ሲመጣ የተቀደደ ስፒከር ይንጫጫል። «ሬጌ ስፒከር አይምርም» ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ ሁለቱንም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያጠፏቸው ነበር። ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላ ቴፕ ተከፍቶ ተኝቷል። እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ጥግ ይዤ ስሰማ ዘፈኑ እዚያ ላይ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። እስከ መጨረሻው የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ በጓደኛዬ ስልክ ነው። ስድስት ደቂቃ ተኩል! መጨረሻው ላይ ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ የሚባሉ ሁለት ጊታሪስቶች ወደ ሁለት ደቂቃ ይቀባበላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ኋላ አብረው ይወርዳሉ። ልክ ሁለት አዝማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደሚጣጣሉት። ያን ቀን እንባዬ መጣ። ለጓደኛዬ ምክንያቱን ማስረዳት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሁለቱን ካሴቶች አንድ ላይ የማድረግ ሐሳብ የያዘኝ። በኋላ ሳነብ ደግሞ ሐሳቤ እንግዳ እንዳልሆነ ገባኝ። ሆቴል ካሊፎርኒያ ያለበት አልበም የወጣው በፈረንጆች 1976 ነው፤ በእኛ 1969፣ እርስዎ ገና ጎረምሳ ሳሉ። ዜማውን ያመነጨው ፌልደር ነው። ባሕር ዳርቻ በተከራየው ቤት ውስጥ፣ በባለ አራት ትራክ ቴፕ ቀድቶ ለባልደረቦቹ፣ ኤግልስ ለሚባለው የአሜሪካ ባንድ አባላት ሰጣቸው። ግጥም ሳይገባለት በፊት እነሱ ያወጡለት የሥራ ስም «የሜክሲኮ ሬጌ» ነበር። ይታይዎት አባዬ። ኪራይ ቤት ውስጥ የተጀመረ ዘፈን ነው፤ ሬጌውም ከመጀመሪያው ነበረበት።

ሥራው ግን እንዳሰብኩት አልቀለለኝም። ያስቸገረኝ ጊታሩ አይደለም። ስንኙ የሚሄደው በ8 ኮርዶች፣ ማለትም አንድ ላይ በሚመቱ የድምፅ ስብስቦች ነው፤ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ያስቸገረኝ ከበሮው ነው። በሬጌ አንድ ብለው ሲቆጥሩ ከበሮው ዝም ይላል። ጊታሩ ሁለትና አራት ላይ ቆረጥ ያደርጋል፤ ትልቁ ከበሮ የሚወርደው ሦስት ላይ ነው። ዋን ድሮፕ ይሉታል። በእኛ ጭክችካ ያደገ እግር ይሄን እሺ አይልም። እግሬ አንድ ላይ መውደቅ ይፈልጋል። ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ለጓዳ እየቆጠርኩ ስመላለስ እማዬ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ። አራተኛው ቀን ላይ እግሬ ዝም ማለት ተማረ። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው ቤዙ የሚናገረው። ቤዝ ጊታሩን ከጓደኛዬ ተውሼ ነው፤ ከበሮውን ላፕቶፑ ላይ ሠራሁት።

መቅዳት ስጀምር ደግሞ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ገመድ ቀየርኩ፣ ሳውንድ ካርዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ማይኩን አዞርኩ፤ ያው ነው። መጨረሻ ላይ የእርስዎ ነገር ትዝ አለኝ። «ጥፋቱን ከሩቅ አትፈልጊ፤ ከመሰኪያው ጀምሪ።» የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩት። ጸጥ! ከመብራቱ መስመር በቻርጀሩ የሚገባ ንዝረት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በባትሪ ቀዳሁ። ባትሪው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስቀዳ፣ ስሞላ፣ ስቀዳ ሁለት ሳምንት ሄደ።

የክረምቱን ነገር እርስዎ ያውቁታል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ማይኩ ሌላ ነገር አይሰማም። ቀን ቀን ባጃጁም አለ። ስለዚህ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ተነስቼ እዘፍን ነበር። ግድግዳው ድምፅ እንዳይመልስ ፍራሽዎን አቁሜ ጋቢዎችን ሰቀልኩበት። የእርስዎን ወፍራሙን ጋቢ ከጀርባዬ አደረግኩት። አንዱ ቅጂ ላይ ከታች በኩል ጅብ ገባበት፤ ሌላው ላይ የቁስቋም ደወል። ጅቡን አጠፋሁት። ደወሉን ግን ልቤ እሺ ስላላለኝ ሌላ ፋይል አድርጌ አስቀመጥኩልዎት። አዲስ አበባ ሆነው የሰፈርዎን ደወል እንዲሰሙ።

እማዬ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። «አባትሽ ታመው ሄደው፣ ክፍላቸውን ጭፈራ ቤት ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። ደንግጬ ለሁለት ቀን ተውኩት። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት የቀዳሁትን በቀስታ ከፍቼ ሳዳምጥ ከምድጃው ተነስታ መጣች። በሩን ይዛ ቆመች። «ይሄ የሱቁ ዘፈን አይደለም እንዴ?» አለች። አዎ አልኳት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እሷም ለካ መጨረሻውን ሰምታው አታውቅም! ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ለጉሮሮዬ የጤና አዳም ሻይ የምታፈላልኝ እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ዘፈኑ አላለቀም። መጨረሻው ላይ ሁለት ጊታር አለ አላልኩዎትም? የመጀመሪያውን እኔ ተጫውቼዋለሁ። የሁለተኛው ቦታ ክፍት ነው። ከበሮውና ቤዙ ይሄዳሉ፣ መላሽ የለም። እዚያ ላይ የእርስዎን ክራር እፈልጋለሁ።

ይሆናል ወይ እንዳይሉኝ፤ ሞክሬዋለሁ። ፌልደር መጀመሪያ የሠራው መነሻ ድምፁን ኢ አድርጎ፣ በኢ ማይነር ነበር፤ ለዘፋኙ ለዶን ሄንሊ ድምፅ ሲሉ ወደ ቢ ማይነር ቀየሩት። እኔም እዚያው ተመቸኝ። ትዝታ ማይነርን ከቢ ጀምረው ከቃኙት አምስቱም ድምፆች እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው። አራተኛው ኮርድ ሲመጣ ብቻ የቅኝቱ አምስተኛ ድምፅ ይጋጫል። እሱን ይዝለሉት፤ ያኔ የመጀመሪያውን ክር ቢነኩ ያምራል። ይሄን ሁሉ የምነግርዎት እንዲያስቡበት ነው እንጂ ጆሮዎ ከእኔ ቀድሞ ያገኘዋል። ለዚህ ደግሞ ዓይን አያስፈልግም። ሐኪሙ ማጎንበስና ከባድ ነገር ማንሳት ነው የከለከልዎት፤ ክራር ከባድ አይደለም። እስኪያገግሙ እጠብቃለሁ። እንዳይቸኩሉ።

ክራርዎ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። አቧራውን ጠርጌዋለሁ፤ ክሮቹን ግን እርስዎ ሳይመጡ አልነካሁም።

የቀዳሁትን ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። በስልኩ ስፒከር እንዳታሰማዎት፤ ቤዙን አይችለውም። ጆሮዎ ላይ ሄድፎን ታድርግልዎት። እና አባዬ፣ አንድ ደቂቃ ላይ እንዳያስጠፏት።

ልጅዎ