«ማንጋው ላይ የለም» ላልሽኝ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህትዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ድምፄ ሲጠፋ ምን ምን እንዳልሽኝ መገመት አያቅተኝም። ያው ታውቂኛለሽ፤ «ነገ እጽፍላታለሁ» እያልኩ ነው የከረምኩት። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ «ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች?» እያለች ትጠይቀኛለች። የሥራውንና የቤቱን ወሬ ስንደዋወል እነግርሻለሁ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ ያ አንድ መስመር መልእክትሽ ነው። «አሁንም የመጀመሪያውን ፉልሜታል አልኬሚስት ነው የምትወጂው? ግማሹ እኮ ማንጋው ላይ የለም!» ስንት ጊዜ ተጠፋፍተን ሰላምታ እንኳ የለም፣ በቀጥታ ወደ ጠብ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እሺ፣ ማንጋው (የጃፓን የሥዕል መጽሐፉ) ላይ የለም። ታዲያስ? ይሄ መረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሂሮሙ አራካዋ የሁለት አልኬሚስት (ቁስን ወደ ሌላ ነገር የሚቀይሩ) ወንድማማቾችን ታሪክ የሚተርከውን ማንጋ ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የጨረሰችው በ2010። ቦንስ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን ተከታታይ) በ2003 ሲጀምር ታሪኩ ገና መንገድ ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ ሴይጂ ሚዙሺማና ዋናው ጸሐፊ ሾ አይካዋ ከአንድ ቦታ በኋላ የራሳቸውን መንገድ ይዘው በ51 ክፍል ጨረሱት። አራካዋም የተለየ መጨረሻ ቢኖረው አልተቃወመችም። ያሱሂሮ ኢሪዬ በ2009 የጀመረው ሁለተኛው አኒሜ፣ ብራዘርሁድ፣ ደግሞ ማንጋውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ 64 ክፍል ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ሰዉ ሁሉ «እውነተኛው ያኛው ነው፣ ይሄ ዝም ብሎ ፈጠራ ነው» ማለት የጀመረው። ሁለቱም ግን ፈጠራ ናቸው እኮ! እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይሄ ሥራ ምን ሊያደርግ ተነሳ? አደረገው ወይ?

የትንሿን ልጅ የኒናን ነገር እንይ። አንቺ «ለቅሶ አበዙበት» የምትይው እሱን ነዋ።

ብራዘርሁድ ላይ ኒናን የምናውቃት በአራተኛው ክፍል ነው፣ የምናጣትም እዚያው ክፍል ላይ። ያሳዝናል፣ አላሳዘነኝም አልልም። ግን ልጅቷን አላውቃትም፤ የማዝነው ልጅ ስለሆነች ነው። የ2003ቱ ሰዎች ያደረጉትን ተመልከቺ። ነገሩን ወደ ኋላ ሳቡት። ትልቁ ወንድም ኤድዋርድ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነው፣ ለመንግሥት አልኬሚስትነት ፈተና እየተዘጋጀ። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚያድሩት የኒና አባት ቤት ነው። አብረው ይበላሉ፣ በረዶ ላይ ይጫወታሉ፣ ውሻው ኤድዋርድ ላይ ይከመርበታል። የወታደሩ ወዳጃቸው የሂዩዝ ልጅ ኤሊሲያ ስትወለድም ኒና እዚያው ቤት ናት። ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ያ ጨለማ ክፍል የሚመጣው። አባትየው ኒናንና ውሻዋን በአልኬሚ አዋህዶ የሠራውን እንስሳ በኩራት ያሳያል። እንስሳው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ኤድዋርድ... ወንድም ጋሼ...» ይላል። የኤድዋርድ ፊት ወዲያው አይለወጥም። መጀመሪያ ይገርመዋል፤ ከዚያ ይገባዋል። እኔ ሁሌም የምመለከተው ያቺን በመገረምና በመረዳት መሃል ያለች ቅጽበት ነው። አንዲት ልጅ ከነውሻዋ በአባቷ እጅ እንደዚያ ስትሆን «ቀስ ብላችሁ አልቅሱ» የሚባል ነገር የለም።

ለቅሶ ቤት ታውቂያለሽ። እናት ደረቷን ብትደቃ፣ መሬት ላይ ብትንከባለል «አበዛችው» የሚል የለም። ሟቹን በቅጡ የማያውቅ ሰው ከበር ጀምሮ እያጓራ ሲገባ ግን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ሜሎድራማም (ስሜትን ከፍ አድርጎ የሚያስለቅስ ድራማ) እንደዚያው ነው። ድምፁ ከፍ ማለቱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው አልቃሹ ዝምድናው ምንድን ነው የሚለው ነው። እማዬ ቃና ላይ የቱርክ ድራማ እያየች ስታለቅስ እስቅባት ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ አብሬ ነው የማየው፣ እና አንዳንዱ ክፍል እውነቱን ለመናገር ያለቀስንለት ነው።

ሂዩዝም ያው ነው። በ2003ቱ የሚሞተው በ25ኛው ክፍል ነው፣ በብራዘርሁድ በ10ኛው። ቀብሩ ላይ ኤሊሲያ «አባዬን ለምን ይቀብሩታል?» ስትል፣ በመጀመሪያው አኒሜ ይህቺ ልጅ የተወለደችበትን ቀን አይተናል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ገጸ ባሕርያቱ ልምጣ፤ ዋናው ጠባችን እዚያ ነው። ማንጋው ላይ ሆሙንኩለሶቹን (በአልኬሚ የተሠሩትን ሰው መሰል ጠላቶች) የፈጠራቸው «አባት» የሚባለው ፍጡር ነው፣ ከራሱ ኃጢአት ቆርሶ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ንጹሕ ነው። በ2003ቱ ግን የሚፈጠሩት ሰው የሞተበትን ሰው ሊያስነሳ ሞክሮ ሲከሽፍበት ነው። ስሎዝ የምትባለዋ የእነ ኤድዋርድን እናት ፊት ይዛ የምትመጣው ለዚህ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የፈጠሯት! ማንጋው ላይ ስሎዝ ጉድጓድ የሚቆፍር «ደከመኝ» ባይ ግዙፍ ነው፤ እዚህ የእናትነት ትዝታ ቁርጥራጭ እያሰቃያት ከትዝታው ለመገላገል ልጆቹን መግደል የምትፈልግ ሴት ናት። ሌላዋ ሆሙንኩለስ ላስትም እንደዚሁ፣ ሰው መሆን ትመኛለች። ጠላቱ ከጀግኖቹ ጥፋት የተወለደ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጠብ የቤተሰብ ጠብ ነው። ኤድዋርድ ስሎዝን ወደ አልኮል ቀይሮ እንድትተን ሲያደርጋት እናቱን ሁለተኛ ጊዜ እየቀበረ ነው። ይሄንን ማንጋው ላይ ፈልገሽ አታገኚውም፣ አይኑርም።

ስለወደድኩት ሁሉንም እቀበላለሁ ማለት አይደለም። ሮዝ የምትባለዋ ወጣት ላይ ያደረጉት ነገር ያናድደኛል። ወታደሮች ከወሰዷት በኋላ ድምፅ አልባ አድርገው፣ ሕፃን አስታቅፈው እንደ ቅድስት ሥዕል አቆሟት። ምን እንደምታስብ ግን አልነገሩንም። መከራዋ ለሌሎች ማልቀሻ ብቻ ሆነ፤ ያውልሽ ያ የሚያጓራው እንግዳ። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ዓለም የሚያሻግረው የአልኬሚው በር ተከፍቶ ኤድዋርድን ለንደን ውስጥ፣ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ዜፔሊን ቦምብ ሥር ሲጥለውም ተጣድፈውበታል። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ጊዜው ግን አልበቃውም። ተመልከቺ፣ ይሄንን ሁሉ ስወቅስ ማንጋውን አንዴም አላነሳሁም።

ብራዘርሁድንም በራሱ ነው የማየው። መጀመሪያ አካባቢ መሮጡን እወቅሰዋለሁ፤ «ይሄን ባለፈው አይታችሁታል» የሚል ይመስላል። ቀልዱም አንዳንዴ ሐዘን መሃል ዘው ይላል፣ ፊታቸው እንደ አሻንጉሊት እየሆነ። ሲረጋጋ ግን! 54ኛው ክፍል ላይ ኮሎኔል ማስታንግ ሂዩዝን የገደለውን ሆሙንኩለስ ኤንቪን እያቃጠለ በጥላቻ ሲታወር፣ ረዳቱ ሃውክአይ ከኋላው ሽጉጥ ትደግንበታለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። እሷም፣ ኤድዋርድም፣ የቀድሞ ጠላታቸው ስካርም ተራ በተራ ይናገሩታል። ጩኸት ነው፣ እንባ ነው፣ ከዚህ በላይ ሜሎድራማ የለም። እናም ልክ ነው፣ ምክንያቱም ከሃምሳ ክፍል በላይ አብረናቸው ኖረናል። ለማንጋው ታማኝ ስለሆነ አይደለም የሠራው። ታማኝ ሆነው የሞቱ ስንት አኒሜዎች አሉ፤ ሥዕሉን ከገጽ ወደ ስክሪን አሻግረው ነፍሱን የረሱ።

የወንድማማቾቹን የልጅነት ጓደኛ የዊንሪን ነገር ግን አልከራከርሽም። ብራዘርሁድ ላይ የወላጆቿን ገዳይ ስካርን ቁስል የምታስርበት ቦታ አለ፤ ይቅር አላለችም፣ አሰረችለት እንጂ። የ2003ቱ ለዊንሪ እንደዚያ ያለ ምንም አልሰጣትም። ይሄን ያንቺ ነጥብ አድርገሽ ያዢው።

በይ እንግዲህ፣ የ2003ቱን 6ኛና 7ኛ ክፍል ማንጋውን ሳትገልጪ ተከታትለሽ እዪና መልሱን ላኪልኝ። በአንድ መስመር አይሆንም ታዲያ! ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ያንቺው